ለእንግሊዝ ስልት ግልቢያ ፔይንት ሆርስ መግዛት ያዋጣል?

የሎውደን እናት፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምንኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሎውደን ካውንቲ ነው። የ14 ዓመት ልጄ በእንግሊዝ ስልት ፈረስ መጋለብ ከተማረች ቆየት ብላለች፤ አሁን እርምጃውንም ሶምሶማውንም ደንገላሳውንም ያለ ረዳት ትጋልባለች፣ ዝቅተኛ ዝላይም ጀምራለች። አሠልጣኟ የራሷ ፈረስ ቢኖራት የበለጠ እንደምትሻሻል ስለነገረችን እኔና ባለቤቴ ብዙ ተማክረን ለመግዛት ወስነናል። የምንፈልገው ለትልልቅ ውድድር የሚሆን ፈረስ አይደለም። ልጃችን ከትምህርት ቤት መልስ የምትጋልበው፣ በጫካ መንገድ ላይ የማይደነብር፣ በአካባቢው በሚዘጋጁ ትንንሽ ትርኢቶች ደግሞ በ«ኢንግሊሽ ፕሌዠር» ምድብ ልታቀርበው የምትችል ረጋ ያለ ፈረስ ይበቃናል።

በቅርቡ አንድ ፔይንት ሆርስ፣ ማለትም ቡራቡሬ መልክ ያለው የአሜሪካ ዝርያ ፈረስ፣ አይተናል። የተኮላሸ ነው፤ ዕድሜው 9 ዓመት፣ ቁመቱ 15.1 ሃንድ፣ ማለትም 155 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መልኩ ቀይና ነጭ ቡራቡሬ ሲሆን ባለቤቱ ይህን የቡራቡሬ ዓይነት «ቶቢያኖ» ይለዋል። እስካሁን የተጋለበው በዌስተርን፣ ማለትም በካውቦዮች፣ ኮርቻ ነው፤ የተጠየቅነው ዋጋ 11,000 ዶላር ነው። ልጄ ወዳዋለች፣ ፈረሱም ሲያዩት ገር ነው። ነገር ግን ልጄ በምትማርበት በረት ያሉ ሰዎች «ፔይንት የካውቦይ ፈረስ ነው፣ ለእንግሊዝ ኮርቻ አይሆንም» ይሉናል። የባለቤቴ አባት እንጅባራ አካባቢ በፈረስ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ለጉብኝት መጥተው ስለነበር አብረውን ሄደው አዩት። ደረቱንና ወገቡን ወደዱለት፤ ኮቴውን አንድ በአንድ አንሥተው ካዩ በኋላ ግን «ለዚህ ሁሉ ሥጋ ኮቴው አንሷል» አሉ። ባለቤትየው ሳቀ፣ እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። በተጨማሪም ነጭ በበዛባቸው ፈረሶች ላይ የሚደርስ የዘር በሽታ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ስለ ፈረስ የምታውቁ ወገኖቼ፣ ምን እንድንመለከት፣ ማንን እንድንጠይቅ ትመክሩናላችሁ?

ባልደራስ፦

ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። በሜሪላንድ የፈረስ በረቶች ውስጥ ፈረስ በመግራት እተዳደራለሁ፤ ፔይንቶችንም በሁለቱም ኮርቻ ጋልቤያለሁ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ብመልስልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

«የካውቦይ ፈረስ ነው» የሚሉሽ ሰዎች መነሻ አላቸው፤ መደምደሚያቸው ግን ትክክል አይደለም። ፔይንትና ለከብት ሥራ የሚውለው የአሜሪካ ዝርያ ኳርተር ሆርስ በደም አንድ ናቸው። የኳርተር ሆርስ ማኅበር በ1940 ሲቋቋም ነጭ የበዛባቸውን ፈረሶች ከመዝገቡ ውጭ ስላደረጋቸው፣ እነዚህን ፈረሶች የሚወዱ አርቢዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ማኅበራት አቋቋሙ፤ ዛሬ በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ የሚገኘው የአሜሪካ ፔይንት ሆርስ ማኅበር በ1965 ሁለት እንደነዚህ ያሉ ማኅበራት ተዋሕደው የተፈጠረ ነው። የከብት ሥራው ሰውነት፣ ማለትም ሰፊው ደረት፣ ወፍራሙ ታፋና አጭሩ ወገብ፣ ከዚያ የወረደ ነው። ሆኖም ማኅበሩ ከፔይንትና ከኳርተር ሆርስ በተጨማሪ የቶሮብሬድን፣ ማለትም የእሽቅድምድም ፈረስን፣ ደም ይቀበላል። በዚህ ምክንያት ፔይንት በሚለው አንድ ስም ሥር ሁለት ዓይነት ፈረስ ታገኛለሽ፤ አንደኛው አጠር ብሎ ጡንቻው የደነደነ፣ ለከብትና ለፈጣን መታጠፍ የተዳቀለ ሲሆን፣ ሌላኛው ከ16 ሃንድ በላይ የሚደርስ፣ እግሩ የረዘመ፣ የቶሮብሬድ ደሙ ከሩቅ የሚታወቅ ነው። ሁለተኛውን ማኅበሩ ራሱ በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች «ሀንተር አንደር ሳድል» በሚባለው የእንግሊዝ ኮርቻ ምድብ በብዛት ታዪዋለሽ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህኛው ፈረስ ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ነው። የትውልድ ወረቀቱን አስመጪና የአያቶቹንና የቅድመ አያቶቹን ስም ተመልከቺ።

ስለ «ኢንግሊሽ ፕሌዠር» አንድ ነገር ልብ በይ። ስሙ በሁሉም ቦታ አንድ ነገር አይደለም። ሞርጋንና ሳድልብሬድ በተባሉት የፈረስ ዝርያዎች ትርኢቶች ይህ ምድብ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ የሚረግጥ፣ አንገቱን የሚያቆም ፈረስ ይፈልጋል፤ ፔይንት ለዚያ አልተፈጠረም፣ ሊያስገድዱትም አይገባም። ለሁሉም ዝርያ ክፍት በሆኑት የአካባቢ ትርኢቶች ግን ዳኛው በአብዛኛው የሚመዝነው ፈረሱ ለተሳፋሪው ምን ያህል ምቹና ታዛዥ እንደሆነ ነው፤ እዚያ ጥሩ ፔይንት አያሳፍርም። ከመመዝገባችሁ በፊት የምድቡን መግለጫ ከአዘጋጆቹ ወስዳችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ፈረሱን በሶምሶማ አስሩጡትና ከጎን ቁማችሁ ተመልከቱ። ለእንግሊዝ ስልት የሚፈለገው ረጅምና ዝቅ ያለ እርምጃ ነው፤ የፊት እግሩ ከትከሻው ተነሥቶ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ጉልበቱ ብዙም አይታጠፍም፣ ኮቴው ሣሩን ዳስሶ የሚያልፍ ይመስላል። ሶምሶማውን በዝግታ እርምጃ ቀይሩትና ደግሞ ለስላሳ አሸዋ ወይም እርጥብ መሬት ላይ አስኪዱት፤ የኋላ ኮቴው የፊተኛው የረገጠበትን ዱካ አልፎ ካረፈ መልካም ነው፣ ከዱካው ኋላ ከቀረ ግን እርምጃው አጭር ነው ማለት ነው። በዌስተርን የሠለጠነ ፈረስ ሶምሶማውን እንዲያዘገይ ስለተማረ መጀመሪያ ላይ አጭር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለዚህ አሠልጣኟ ራሷ ትሳፈርና በእግሯ ወደ ፊት ትግፋው፤ ተገፍቶ የሚዘረጋና ተገፍቶ የሚቸኩል ፈረስ የተለያዩ ናቸው። የሚዘረጋውን ግዙ።

ቡራቡሬ ፈረስ ስትመለከቱ መልኩ ዓይናችሁን እንዳያታልለው ተጠንቀቁ። አንዱ እግር ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ከሆነ፣ ነጩ ከፍ ብሎ የሚነሣ ይመስላል፤ ጤነኛው ፈረስ የሚያነክስ፣ የሚያነክሰውም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ቀለሙን ትታችሁ የራሱን እንቅስቃሴ ተከተሉ፤ የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል።

15.1 ሃንድ ለ14 ዓመት ልጅ አያንስም። ኳርተር ደም ያለው ፈረስ ሰፊ ስለሆነ የተሳፋሪዋ እግር ከሆዱ በታች ተንጠልጥሎ አይቀርም። ሥልጠናውን በተመለከተ፣ ከዌስተርን ወደ እንግሊዝ መዞር የሚቻል ነገር ነው፤ ግን ወራት ይፈልጋል። ይህ ፈረስ ምናልባት በአንድ እጅ፣ ዛቡ አንገቱን ሲነካው መታጠፍ የለመደ ነው። ልጅሽ ደግሞ በሁለት እጅ ይዛ አፉን በቀስታ የመንካት ልማድ አላት። ልጓሙ ሲጠብቅ አገጩን ወደ ደረቱ አጥፎ ከእጇ የሚሸሽ ከሆነ፣ አሠልጣኟ በቀላል ልጓም ከመጀመሪያው ታስተምረው፤ ልጅቷ ብቻዋን ይህን ሥራ መሸከም የለባትም።

የቢሾፍቱ ምሩቅ፦

የእንስሳት ሕክምና በቢሾፍቱ ተምሬ፣ አሁን በሚኒሶታ በአንድ የፈረስ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ባልደራስ ስለ አካሄዱ የጻፈው ጥሩ ስለሆነ እኔ በጤናው ላይ ልጨምር።

አባታችን ስለ ኮቴው የተናገሩትን አትናቁት። በኳርተርና በፔይንት ላይ ደጋግሞ የሚታየው ችግር ከባድ ሰውነት በትንሽ ኮቴ ላይ መቀመጡ ነው፤ በፊት ኮቴ ውስጥ ያለችው ናቪኩላር የምትባል ትንሽ አጥንትና በዙሪያዋ ያሉት ጅማቶች ሲጎዱ ፈረሱ ተረከዙን ላለመርገጥ እርምጃውን ያሳጥራል። ባለቤቱ «ሰነፍ ነው» ወይም «በዌስተርን ስለሠለጠነ ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ እውነቱ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ የማይጠቀምበትን፣ እናንተ የመረጣችሁትንና የምትከፍሉትን ሐኪም አምጡ። ሐኪሙ ልቡን፣ ሳንባውን፣ ዓይኑን ይመረምራል፤ እያንዳንዱን እግር ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥፎ ከያዘ በኋላ ወዲያው በሶምሶማ ያስሮጠዋል፣ በየትኛው እግር እንደሚያነክስ ያኔ ይታያል። እኔ ብሆን የሁለቱን የፊት ኮቴዎችና የኋላ እግሮቹን ቁርጭምጭሚት ኤክስሬይ ሳላይ 11,000 ዶላር አልከፍልም። በምርመራው ዕለት ደም ተወስዶ ይቀመጥ ወይም ይመርመር፤ የሕመም ማስታገሻ ወይም ማረጋጊያ ተሰጥቶት ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የዘር በሽታን በተመለከተ የሰማሽው «ሊታል ዋይት» የሚባለው ነው። «ፍሬም ኦቬሮ» በሚባለው የነጭ ዓይነት ውስጥ ያለው ዘረመል ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ውርንጭላው ፈጽሞ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ነርቮች ስላልተፈጠሩ ኩስ ማውጣት አይችልም፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይሞታል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ከአራት ውርንጭላ አንዱ እንዲህ የመሆን ዕድል አለው። ነገር ግን ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ፈረስ ራሱ ጤነኛ ነው፣ የእናንተ ደግሞ የተኮላሸ ስለሆነ ይህ አያሳስባችሁም። ባዝራ ገዝታችሁ ማራባት ብትፈልጉ ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

ለእናንተ ይበልጥ የሚያስፈልጋችሁ የጡንቻ በሽታዎቹን ማወቅ ነው። ፒ.ኤስ.ኤስ.ኤም. አንድ የሚባለው በሽታ ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ በመውረስም ይመጣል፤ የታመመው ፈረስ ስኳርን በጡንቻው ውስጥ በማይገባ መልክ ያከማችና ከሥራ በኋላ ታፋው ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። እህል በመቀነስ፣ በድርቆሽና በቅባት በመመገብ፣ በየቀኑም በማንቀሳቀስ ብዙዎቹ ለዓመታት በደህና ይሠራሉ፤ ሆኖም ቀድሞ ማወቅ አለባችሁ። ሃይፕ የሚባለው፣ ጡንቻን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደክም በሽታ ደግሞ ኢምፕሬሲቭ ከተባለው ታዋቂ የኳርተር ሆርስ ድንጉላ የወረደ ነው፤ ስሙ በትውልድ ወረቀቱ ላይ ከታየ ምርመራው ግድ ነው። ሌላው ማደንዘዣ ሲሰጠው ሰውነቱ በአደገኛ ሁኔታ እንዲግል የሚያደርገው ዘረመል ነው፤ ፈረሱ አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ይህን ማወቅ ሕይወቱን ያድናል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከጋማው ከነሥሩ የተነቀለ ሃያ ወይም ሠላሳ ፀጉር በፖስታ ይላካል። በካሊፎርኒያ ዴቪስ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪ እነዚህን ሁሉ በአንድነት ይመረምራል። መቀስ እንዳትጠቀሙ፤ ሥሩ ከሌለ ፀጉሩ አይጠቅምም።

ስለ ቆዳው፤ ከነጭ ፀጉር ሥር ያለው ቆዳ ሮዝ ስለሆነ በቨርጂኒያ በጋ አፍንጫው ፀሐይ ያቃጥለዋል። የዚንክ ኦክሳይድ ቅባትና አፍንጫን የሚሸፍን የዝንብ መከላከያ ይበቃዋል። ቆዳው ነጭ በሆነበት ቦታ ብቻ ቢቆስል ግን ሐኪም ጥሩ፤ በግጦሹ ውስጥ አልሳይክ የተባለው ክሎቨር ካለ ቆዳው በፀሐይ በቀላሉ እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል፣ ጉበቱም መታየት አለበት። በጭቃ ወራት ደግሞ ነጭ እግሮቹን ከቁርጭምጭሚት በታች አድርቁ። ፊቱ በሙሉ ነጭ ሆኖ ዓይኑ ሰማያዊ ከሆነ የመስማት ችሎታውንም ፈትኑ፤ ከኋላው እጅ ስታጨበጭቡ ጆሮው ወደ ድምፁ መዞር አለበት። ሆኖም ደንቆሮ ፈረስ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ከተሳፋሪው እግርና እጅ ምልክት ጋር የተስማማ ከሆነ በሚገባ ይጋለባል፣ ልጅሽ ግን ማወቅ አለባት።

የሎውደን እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅሁም። ዛሬ የትውልድ ወረቀቱን ላከልን። የእናቱ አባት ቶሮብሬድ ነው፤ ሌሎቹ ኳርተርና ፔይንት ናቸው፤ ኢምፕሬሲቭ የሚለውን ስም አላየሁም። የዘረመል ምርመራ ተደርጎለት አያውቅም፤ ሻጩ ፀጉሩን ብንወስድ እንደማይቃወም ነግሮናል። ለሁለት ሳምንት በልጄ በረት እንዲቆይልንና እንድንሞክረው ጠየቅሁት፤ «አስቀድማችሁ ሙሉውን ክፈሉ፣ ካልወደዳችሁት እመልሳለሁ» አለኝ። ይህ የተለመደ ነው?

ከሀምቡርግ፦

እኔ ሐኪምም አሠልጣኝም አይደለሁም፤ ልጄ በጀርመን ትጋልባለች። ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ስለ መግዛቱ ራሱ አንድ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የ14 ዓመት ልጅ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ፍላጎቷም ቁመቷም ይለወጣል፤ ከዚያ ኮሌጅ ይመጣል። እኛ አካባቢ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያደርገው የሌላ ሰው ፈረስ በወር ክፍያ ተጋርቶ መጋለብ ነው። ይህን ፈረስ ራሱን ለስድስት ወር ወይም ለዓመት መከራየት ይቻል እንደሆነ ሻጩን ጠይቂው። የግዢው ገንዘብ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ የበረቱ ኪራይ፣ በየስድስት ወይም ስምንት ሳምንቱ የሚመጣው የኮቴ ሠራተኛ፣ ክትባቱ፣ ጥርሱን የሚሞርደው ሐኪም ግን ፈረሱ እስካለ ድረስ አያቆሙም። ደግሞ ልጅሽ መዝለል ከወደደች፣ ዛሬ ጥሩ የሆነው ፈረስ ነገ ላይበቃት ይችላል።

ባልደራስ፦

የሀምቡርጓ እህታችን ስለ ኪራይ ያለችው ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ሻጩ ከተስማማ እኔም ያን እመርጣለሁ። ስለ ዝላይ ግን ብዙም አልጨነቅም። የእናቱ አባት ቶሮብሬድ የሆነ፣ ወገቡ ጠንካራ የሆነ ፔይንት 70 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ያለ ችግር ይዘላል፤ ከዚያ በላይ የምትሄድ ልጅ ከሆነች ያኔ ሌላ ፈረስ መፈለጋችሁ አይቀርም።

ስለ ክፍያው፦ ሙሉ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል በአንዳንድ ሻጮች ዘንድ አለ፤ ያለ ጽሑፍ ግን ፈጽሞ አታድርጉት። ውሉ ላይ ይጻፍ፤ በሙከራው ጊዜ ፈረሱ ቢታመም ወይም ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው፣ የመድን ዋስትናውን ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡ የሚመለሰው በስንት ቀን ውስጥ ነው፣ ማን ብቻ ይጋልበዋል። የተሻለው መንገድ ግን መያዣ ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ከሐኪሙ ምርመራና ከዘረመሉ ውጤት በኋላ መክፈል ነው። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ጥሩ ፈረስ ቢሆንም ሌላ ፈልጉ። ስትገዙ የማኅበሩን የባለቤትነት ማስተላለፊያ ቅጽ ሻጩ ይፈርምላችሁ፤ የምዝገባ ወረቀቱን በእጃችሁ ሳታስገቡ አትለያዩ። ያለ እሱ ወደ ማኅበሩ ውድድሮች መግባት አይቻልም፣ ስትሸጡትም ዋጋው ይቀንሳል። ኮጊንስ የሚባለው፣ ተላላፊ የፈረስ ደም ማነስ በሽታን የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤቱ በቅርብ ጊዜ የተሠራ መሆኑንም ተመልከቱ፤ በትርኢት ቦታ በር ላይ ይጠየቃል።

የሎውደን እናት፦

ሻጩ በመያዣው ተስማምቷል፤ ሐኪም ይዘናል፣ ፀጉሩም ሰኞ ይላካል። አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ልጄ ያላት የእንግሊዝ ኮርቻ በበረቱ በነበረው የቶሮብሬድ ፈረስ ላይ የምትጠቀምበት ነው። ለሙከራው ያን ኮርቻ ብናደርግለት ይሆናል?

ባልደራስ፦

ለመጀመሪያው ቀን ብቻ እንኳን ቢሆን ሳትፈትሹ አታድርጉት። የቶሮብሬድ ኮርቻ በአብዛኛው ጠባብ ነው፤ የፔይንት ጀርባ ደግሞ ሰፊና ጫንቃው ዝቅ ያለ ነው። ጠባብ ኮርቻ ከፊት ከፍ ብሎ ይቀመጥና ልጅቷን ወደ ኋላ ያደርጋታል፣ ጠርዞቹም ትከሻውን ስለሚይዙት እርምጃውን ያሳጥራሉ፤ ያኔ የፈረሱ ነው ብላችሁ የምትፈርዱበት አጭር ሶምሶማ የኮርቻው ይሆናል። ኮርቻውን ያለ ምንጣፍ ጀርባው ላይ አስቀምጡና ልጅቷ ሳትሳፈር ከፊት በኩል እጃችሁን በትከሻውና በኮርቻው መካከል ወደ ታች አሳልፉ፤ እጃችሁ ከተጨነቀ ሰፋ ያለ ኮርቻ ከበረቱ ተዋሱ። ጫንቃው ላይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ከግልቢያው በኋላ ኮርቻውን አንሥታችሁ ላቡን ተመልከቱ፤ በላብ በራሰው ጀርባ መካከል ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ እየተጫነ ሊሆን ይችላል።